ከ10 ስንት?

ደብረ ማርቆስ ላይ ፊልም አይቶ የወጣ ሰው "እንዴት ነው?" ሲባል መልሱ አንድ ነበር። "ደህና ነው።" እንባውን እየጠረገ የወጣውም "ደህና ነው" ይላል። ከመሃል አቋርጦ የወጣውም "ደህና ነው" ይላል። ጥያቄውን ከሰላምታ ነው የሚደምረው። ትንሽ ከገፋችሁት "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለቱ አይቀርም።

ዘንድሮ ይኼ ቀርቷል። ጎረምሶቹ "ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?" የሚል ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ቡና ላይ ይጠይቃሉ። ባጃጅ ውስጥ ይጠይቃሉ። ፀጉር ቤት ምላጭ አንገትህ ላይ ሳለ ይጠይቃሉ። ፊልም አየሁ ያለ ሰው ነጥብ ሳይሰጥ አይለቀቅም።

ችግሩ ጥያቄው ቶሎ ገባ እንጂ መልሱ አልገባም። በእኛ ከተማ የሚሰጠው ነጥብ ሁለት ብቻ ነው። ወይ 10፣ ወይ ዜሮ። 10 የሰጠው "ቢቻል 11 እሰጠው ነበር" ይላል። ዜሮ የሰጠው "ዜሮም በዝቶበታል" ይላል። ከ3 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች ሥራ ፈተው ነው የሚውሉት። 6 የሚሰጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካለም በዝውውር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት።

ምክንያት አለው። ፊልም ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ነው "ይችን እያት፣ ታመሰግነኛለህ" ብሎ በፍላሽ የሚሰጥህ። ስለዚህ 4 ስትል ለፊልሙ አይደለም የሰጠኸው። ለሰውዬው ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ "ወጡ ጨው ያንሰዋል" እንደማለት ነው። ማን ይደፍራል? ተበላሽቶም ቢሆን 10 ትላለህ፣ ፍላሹን በሁለት እጅህ ትመልሳለህ።

ዜሮውም እንደዚሁ ነው። ሰፈራችን ውስጥ በአጥር የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንደኛው አንድ የህንድ ፊልም አይቶ ሲያደንቅ ከረመ። ሁለተኛው ያንኑ ፊልም ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። አልቅሷል። ሚስቱ ምስክር ናት። እንዲያውም ነጠላዋን ነው ያራሰባት። ያደነቀው ጎረቤቱ መሆኑን ሲሰማ ግን "ዜሮ" አለ። "ምኑ ነው ዜሮ?" ቢሉት "ሁሉ ነገሩ! ዘፈኑ፣ ዝናቡ፣ ሞቱ" አለ። ፊልሙ ምን አጠፋ? ምንም። ያ አጥር እስኪስተካከል ድረስ ግን 10 አያገኛትም።

በነገራችን ላይ ጎጃም ነጥብ መስጠት ከፈረንጅ አልተማረም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድርና የኔታ ፊት ይቆማል። የያዘው ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። ከወደዱት የኔታ "ይበል!" ይላሉ። ካልወደዱት ዝም ይላሉ። በቃ። "ስድስት ከግማሽ" የሚሉ የኔታ የሉም። "ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አጨራረሱ ላይ ትንሽ ይቀረዋል" የሚል ማባበያም የለም። እኔ ሕዝባችን 10 ወይም ዜሮ የሚለው ከዚያው ወርሶት ይመስለኛል። ወይ ይበል ነው፣ ወይ ዝምታ።

አሁን የከተማችን ትልቁ የፊልም ሐያሲ ማን ነው ብትሉኝ ቁጥር የሚጠራውን ጎረምሳ ሁሉ አልፌ አንድ ልጅ እጠራላችኋለሁ። ሁለት በሁለት በሆነች ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። በሩ ላይ በካርቶን "ፊልም እንጭናለን። ስልክ እንጠግናለን። ካርድ አለ" ተብሎ ተጽፏል። ይኼ ልጅ ፊልሙን አይመዝንም። የሚመረምረው ደንበኛውን ነው። ባለፈው አንዲት ወጣት ፍላሽ ይዛ መጣች።

"ለማን ነው?" አላት።

"ለእናቴ።"

"ልቅሶ ይወዳሉ?"

"ሳምንቱን ሙሉ ልቅሶ ቤት ነው የምትውለው።"

"እሱን አይደለም። ፊልም ላይ።"

"ትወዳለች። ግን መሳሳም ካለበት ትቆጣለች። ደግሞ ጾም ላይ ናት።"

"ሰው መግደልስ?"

"እሱ ችግር የለውም።"

ትንሽ አሰበ። ማውዙን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች ሳበው። "ይኼን ውሰጂላቸው" አላት። "ትርጉም ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እናትየው ልጇን የምታገኘው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ አልቅሰው ይጠግባሉ።"

ልጁ ይኼን ሁሉ ሲያውቅ ደንበኞቹ ግን የሚመዝኑት በሌላ ነው። በጊጋ። "ይችኛዋ ስንት ጊጋ ናት?" ይሉታል። "ሰባት መቶ ሜጋ" ካላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። "ኧረ ተው፣ ከፍ ያለ የለህም?" ሁለት ጊጋ የሆነ ፊልም መጥፎ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው በአካባቢያችን አልተወለደም። ከፍለህ የገዛኸው ነገር ከባድ መሆን አለበት።

አክስቴ ደግሞ የራሷ ሚዛን አላት። ቁጥር የለውም፣ ጊጋም የለውም። ሽሮ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ሽሮው ደህና ከሆነ ፊልሙ ተራ ነው። ሽሮው ካረረ ጥሩ ነው። ድስቱ ታሽቶ ታሽቶ አልለቅ ብሎ ከተጣለ፣ ያ ፊልም ለጎረቤት ይነገራል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ከጀመረ ወዲህ የአክስቴ ጓዳ ሰላም አላገኘም። ባሏ አንድ ቀን "ይኼ ድራማ ስንት ክፍል ነው?" ብሎ ጠየቀ። ለታሪኩ ተጨንቆ አይደለም። የቀሩትን ድስቶች እየቆጠረ ነው።

የቪዲዮ ቤት ዘመን ልጆች የነበርነውም መለኪያችን ግልጽ ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱን የጋረደ ብርድ ልብስ፣ የላብና የቆሎ ሽታ። ፊልሙ አልቆ ስንወጣ መንገድ ላይ እርስ በርስ ካልተራገጥን ካራቴው አልሠራም ማለት ነው። ትልቁ ጥያቄ ደግሞ ከመግባታችን በፊት በሩ ላይ ይጠየቅ ነበር። "አክተሩ ይሞታል?" ይሞታል ከተባለ ብራችንን ይዘን ወደ ቤት። ዛሬ ታሪኩን አስቀድሞ መናገር ነውር ሆኗል አሉ። ለእኛ ግን ሳያጣሩ ገንዘብ ማውጣት ነበር ነውሩ።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። ሰፈራችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ጎረምሳ አለ። ያለ ቁጥር አያወራም። ቁጥሩን የሚያመጣው ፊልም ከሚመዝኑ ሁለት የፈረንጅ ድረ ገጾች ነው። "አይኤምዲቢ ላይ 8.6 ነው። ሮተን ቶማቶስ ላይ 95 በመቶ ነው" ይላል። ሲናገር ድምፁ ይወፍራል። ሰሚው አንገቱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ግን ቡና ላይ የፊዚክስ አስተማሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነበር።

"95 በመቶው የምን 95 ነው?" አለው አስተማሪው።

ጎረምሳው "የፊልሙ ውጤት ነዋ" አለ።

አይደለም። ሮተን ቶማቶስ ፊልሙ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይደለም የሚለካው። ከሐያስያኑ መካከል ስንቶቹ ወደዱት የሚለውን ነው የሚቆጥረው። ስሙ "የበሰበሱ ቲማቲሞች" ማለት ነው። 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከወደዱት ቲማቲሙ ቀይ ነው። ከዚያ ካነሰ በሰበሰ ተብሎ ይፈረጃል። ስለዚህ 100 ሐያሲ በየተራ "ምንም አይልም፣ ይታያል" ቢል ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። ማንም ያበደለት የለም። ማንም ያለቀሰለት የለም። ግን 100 ነው።

አስተማሪው ይኼን አስረድቶ ሲጨርስ ሁላችንም አንድ ነገር ገባን። በዚህ ስሌት በደብረ ማርቆስ የታየ ፊልም በሙሉ 100 በመቶ ነው። ሁሉም ሰው "ደህና ነው" ብሏላ!

አይኤምዲቢ ደግሞ ሌላ ነው። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ተመልካቹ ራሱ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። የሚወጣው ቁጥር ግን ተራ አማካይ አይደለም። የእያንዳንዱን ድምፅ ክብደት እየመዘኑ ነው የሚያሰሉት። እንዴት እንደሚመዝኑ በትክክል አይናገሩም። አስተማሪው እዚህ ላይ ቅር አለው። "ሚዛኑን የሚደብቅ ነጋዴ እኛ ገበያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ አይውልም ነበር" አለ። እውነቱን ነው።

ሽልማትም እኛ ጋ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። የኃይሌ ገሪማ ፊልም "ጤዛ" በ2009 እ.ኤ.አ. ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። የየነንጋ ወርቃማ ፈረስ ይባላል ሽልማቱ። ይኼን ቡና ላይ ሳወራ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ "ፈረሱ ሰጋር ነው?" የሚል ነበር። ጠያቂው የእንጅባራ ሰው ነው። አልፈርድበትም። አገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን አሸብርቆ የሚወጣ ሕዝብ ነው። ሐውልት ነው ብዬ ስነግረው ስለ ፊልሙ የነበረው ግምት ዝቅ አለ። "አይጫንማ!" አለ።

የአማርኛ ፊልም ላይ ግን ቀልድ የለም። የጎጃም ሰው የአማርኛ ፊልም ሲያይ አንድ ዓይኑ ታሪኩ ላይ ነው፣ አንድ ዓይኑ የቪላው በር ላይ። ለምን? ዘበኛውን እየጠበቀ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ቁምጣ የለበሰ ዘበኛ ይወጣል፣ አፉን ይከፍታል። የሚናገረው በየትኛውም የጎጃም ወረዳ የማይነገር አማርኛ ነው። ሳሎኑ ፀጥ ይላል። "ይኼ የእኛን ሰው መሆኑ ነው?" ይላል አንዱ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ብትታመም፣ ልጁ ከአሜሪካ ቢመለስ፣ ሠርጉ ቢፈርስ ማንም አይሰማም። እኔም በዚህ አልከራከርም። ባለቪላው አንድ ቀን እንኳ ጎጃሜ ሆኖ፣ ዘበኛው ቦሌ ተወልዶ ያደገ ቢሆን ምን ይጎድላል?

አጎቴ ገበሬ ነው። ለገበያ ሲመጣ እኛ ቤት ያድራል። አንድ ማታ ስለ ገጠር የተሠራ ፊልም አብረን አየን። ገና ከመጀመሪያው ተቁነጠነጠ። ጤፍ እየታጨደ ነው። ከኋላ ያለው መስክ ግን አረንጓዴ ነው፣ ጭቃው ይታያል፣ ሰዉ ገሳ ለብሷል። "ይኼ ሐምሌ ነው" አለ። "ሐምሌ ላይ ጤፍ የሚያጭድ ማን ነው?" ዝም በል ፊልም ነው አልነው። ዝም አለ። ቀጥሎ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲያርስ መጣ። አጎቴ ብድግ አለና ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ በጣቱ ነካ። "ዕርፉን እየው። አጥብቆ ሊይዘው ሲገባ ይኼው፣ ዞሮ ለቆታል። በዚህ ዓይነት አስተራረስ ሚስት አይሰጠውም።" የፊልሙ ታሪክ ሁለት ጎበዞች ለአንድ ልጅ ሲጣሉ ነበር። ለአጎቴ ነገሩ እዚያው አለቀ። ልጅቷ ለሌላኛው ትሰጥ።

"ፍቅር እስከ መቃብር"ንማ አታንሱት። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የእኛው አገር ነው፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የእኛው ልጅ ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ሁሉም ሰው በልቡ የራሱን ሰብለ ወንጌል፣ የራሱን ጉዱ ካሣ ሠርቶ ጨርሷል። ያለ ካሜራ፣ ያለ ወጪ። በተከታታይ ፊልም ሲመጣ አክስቴ ያየችው ተዋናዮቹን አይደለም። ከእሷ ሰብለ ጋር እያስተያየች ነበር። "ትንሽ ቀላ ማለት ነበረባት" አለች። ከየት አመጣሽው ቢሏት "እኔ አውቃታለሁ" አለች። ከዚህ ጋር ምን ዳይሬክተር ይወዳደራል?

ነጥብ በደንብ ሲሰጥ ያየሁት አንዴ ነው። እሱም ማንም ባላየው ፊልም። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድበዋል፣ እታለም ቡና እያፈላች ነው። ያ ባለ ቁጥሩ ጎረምሳ አለ። ከወህኒ ቤት ጥበቃ በጡረታ የወጡ አንድ አሥር አለቃ አሉ። ዋሸራ የተማሩ አንድ መሪጌታም አሉ።

ጎረምሳው "የዓለም አንደኛው ፊልም 9.3 ነው ያለው" አለ። "ዘ ሾሻንክ ሪደምሽን ይባላል። በ1994 የወጣ የፈረንጅ ፊልም ነው። ለ7 ኦስካር ታጭቶ አንድም አልወሰደ። ሲኒማ ቤት ሲገባ ያየውም ጥቂት ነው። ኋላ ነው የነገሠው።"

"ስለ ምንድን ነው?" አሉ አሥር አለቃ።

"ስለ እስረኛ።"

አሥር አለቃ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። "ምን አጥፍቶ?"

"ምንም። ሚስቱን ገደለ ተብሎ በሐሰት።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ቀጥል።"

"ከዚያ ግድግዳውን ቆፍሮ ያመልጣል።"

"በስንት ቀን?"

"ኧረ ወደ ሃያ ዓመት ነው የፈጀበት።"

አሥር አለቃ ስኒውን አስቀመጡ። "ሃያ ዓመት? አፈሩንስ የት አደረሰው?"

"በሱሪው እግር እያንጠባጠበ ግቢው ላይ ይበትነዋል።"

"ሃያ ዓመት ከሱሪው አፈር ሲፈስ ያየ ዘብ የለም?" ዙሪያውን አዩን። ዘቦቹ እኛ እንሆን ይመስል። "ቀዳዳውስ?"

"የአንዲት ተዋናይ ትልቅ ፎቶ ለጥፎበት ነው።"

"ፎቶው ይነሣ አልተባለም? እኔ የእመቤታችንን ሥዕል እንኳ አንሥቼ ነበር የማየው!"

መሪጌታ ገላመጧቸው። አሥር አለቃ ቶሎ ብለው "ተሳልሜ ነው" አሉ። "መጀመሪያ ተሳልሜ ነው የማነሣው።"

"መቆፈሪያው ትንሽ መዶሻ ናት" አለ ጎረምሳው። "መጽሐፍ ቅዱሱን በውስጥ ፈልፍሎ እዚያ ነው የደበቃት።"

አሁን ደግሞ ስኒ ያስቀመጡት መሪጌታ ናቸው። "መጽሐፍ ቅዱስ ፈልፍሎ?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ይኼን ነው የዓለም አንደኛ ያላችሁት?" በቁጣ ነጠላቸውን አጣፉ። ሊነሡ መሰለን። ከዚያ የጉዳቱን መጠን ለማወቅ ያህል "ለመሆኑ የቱ ጋ ነው የፈለፈለው?" አሉ።

"ገለጥ ሲደረግ ቀዳዳው የሚጀምረው ኦሪት ዘፀአት ላይ ነው።"

መሪጌታ ዝም አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዘፀአት የመውጣት መጽሐፍ ነው። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት። ሰውዬው መውጫውን በመውጫው ውስጥ ደብቋል። ሰሙ መጽሐፍ፣ ወርቁ መዶሻ።

"ይበል!" አሉ መሪጌታ፣ ጭናቸውን መትተው። "ይበል!"

ጎረምሳው ስልኩን አወጣ። "የኔታ፣ ይበል ከ10 ስንት ነው?"

"10 በለው" አለ አስተማሪው ከኋላ።

"የእኔንም ጻፍ" አሉ አሥር አለቃ። "ለእስረኛው 10። ለጠባቂዎቹ ዜሮ። ሲካፈል 5።" በከተማችን መሃል ቁጥር ሲሰጥ ያን ቀን ሰማሁ።

"ዜሮ የለውም፣ አሥር አለቃ። ከ1 ነው የሚጀምረው።"

"እነዚያ ዘቦች 1 ሊያገኙ?"

እታለም ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀረች "ለመሆኑ ፊልሙን አይታችሁታል?" አለች።

ጎረምሳው ጉሮሮውን ጠራረገ። እሱም ያየው ባጭሩ ተተርኮ በቲክቶክ ነው። አሥር አለቃ ግን "ምን ላይ አየዋለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን!" አሉ። "ይልቅ የእኔን ጻፍ።"

"በአንድ ስም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በእኔ ስልክ የየኔታ 10 ገብቷል። ለእርስዎ የራስዎ ስልክ ያስፈልግዎታል።"

አሥር አለቃ ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ። በላስቲክ የታሰረች፣ ባለ ቁልፏ ናት። ጎረምሳው አገላብጦ አያት። "ይችማ ባትሪ መብራት ብቻ ነው ያላት" አለ።

በማግሥቱ ከዝናቡ ጋር ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ታዩ። ባለሱቁ ስንት ካሜራ ያለው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።

"ካሜራ አልፈልግም" አሉ። "5 የሚጽፍ ስጠኝ።"